የማትታየው ፋና፦ ትንንሽ ሮቦቶች በታሕተ ቀይ ጨረር መሰናክልን ስለሚለዩባቸው መንገዶች የቀረበ ዳሰሳ

በትርፍ ጊዜው ለትምህርትም ለደስታም ብሎ ትንሽ ሮቦት የሚሠራ ሰው፣ ሞተሮቹን ከጎማዎቻቸው ጋር አጋጥሞ፣ ባትሪውን አስሮ፣ ትእዛዙንም ጽፎ በማይክሮኮንትሮለሩ ላይ ከጫነ በኋላ የእጁ ሥራ ወለል ላይ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ ይህ ግዑዝ ነገር ግድግዳውን ገና ሳይነካው ግድግዳ መኖሩን በምን ሊያውቅ ይችላል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የተሰጡት መልሶች ብዙ ናቸው፤ አንዱ በድምፅ፣ አንዱ በካሜራ፣ አንዱም በመዳሰስ ብቻ ይመልሰዋል፤ ነገር ግን በዋጋው ርካሽነት፣ በአሠራሩ ቅለትና በፍጥነቱ ከሁሉ ይልቅ የጀማሪዎችን ልብ የሳበው መንገድ፣ ዓይነ ሥጋ የማያየውን የታሕተ ቀይ ጨረር ወደ ፊት ልኮ፣ ከመሰናክሉ ላይ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን መቀበል ነው። ነገሩ ሲነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ሆኖም መላኩ ቀላል፣ መቀበሉም ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ዓለም ከፀሐይ ጀምሮ እስከ ጓዳ አምፖል ድረስ በዚያው በማይታይ ብርሃን የተሞላ ስለሆነ፣ ሮቦቱ ራሱ የላከውን ከባዕዱ ለይቶ ማወቁ ላይ ነው መከራው፤ ከዚህ በታች የምንመረምራቸውም ስልቶች ሁሉ በመልክና በዋጋ ቢራራቁም፣ በእውነት የሚለያዩት ለዚህ ለአንዱ ችግር በሰጡት መልስ ነው።

የጨረሩን መኖር ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጠው የሥነ ፈለክ ሊቁ ዊልያም ኸርሸል ነበር። ይህ ሰው እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1800 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፍሎ በየኅብሩ ላይ ጫፋቸው የጠቆረ ቴርሞሜትሮች ሲያኖር፣ ሙቀቱ ከሐምራዊው ወደ ቀዩ እየጨመረ መሄዱን ከማየቱም በላይ፣ ከቀዩ ጽንፍ አልፎ ምንም ቀለም በማይታይበት ስፍራ የተቀመጠው ቴርሞሜትር ከሁሉ አብልጦ መሞቁን አስተዋለ፤ በዚህም ብርሃን ሁሉ ለዓይን የተሰጠ አለመሆኑ ታወቀ። ይህ ግኝት ለሮቦት ሠሪዎች አገልግሎት እስኪሰጥ ግን አንድ መቶ ስድሳ ዓመት ያህል ማለፍ ነበረበት። በ1948ና በ1949 በብሪስቶል ከተማ ዊልያም ግሬይ ዎልተር የሠራቸው ኤልመርና ኤልሲ የተባሉት የኤሌክትሪክ ኤሊዎች ብርሃንን በፎቶ ሕዋስ ይከተሉ ነበር እንጂ፣ መሰናክልን የሚያውቁት ድንጋያቸው ማለትም የላይ ልብሳቸው ተነክቶ ማብሪያ ማጥፊያውን ሲያገናኘው ብቻ ነበር። የጨረሩን ምንጭ በጣት የሚያዝ ያደረገው በ1961 በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ጄምስ ቢያርድና ጋሪ ፒትማን ጋሊየም አርሰናይድ የተባለው ውሑድ ከረንት ሲያልፍበት የታሕተ ቀይ ጨረር እንደሚያወጣ ማግኘታቸው ነው፤ ኩባንያው በሚቀጥለው ዓመት ለገበያ ያቀረበው ኤልኢዲም ከዚህ የተገኘ ነበር፤ ዛሬ በየሪሞቱ ጫፍ የምትቀመጠው አምፖል የዚያ ዘር ናት።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ጨረሩ ጠባይ ጥቂት መናገር ይገባል፤ ምክንያቱም ጀማሪዎች በገበያ ላይ ከሚስቱባቸው ነገሮች ብዙዎቹ ከዚህ ይመነጫሉ። ታሕተ ቀይ የሚባለው ክልል ከ700 ናኖሜትር አካባቢ ተነሥቶ እስከ አንድ ሚሊሜትር ድረስ የሚዘረጋ ሰፊ ግዛት ሲሆን፣ ለሮቦት መሰናክል ማያ የምንገለገልበት ለሚታየው ብርሃን ጎረቤት የሆነው ጠባብ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ኤልኢዲዎቹም አብዛኛውን ጊዜ በ850 ወይም በ940 ናኖሜትር ያበራሉ። ይህም ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ርካሹ ተቀባይ ሁሉ ከሲሊከን የተሠራ ነውና፣ ሲሊከን ደግሞ ከ1,100 ናኖሜትር ግድም ወዲያ ዕውር ሆኖ፣ እጅግ የሚነቃው በ900 አካባቢ ነው። የሰው ገላ ከሙቀቱ የተነሣ የሚያወጣው ጨረር ግን ወደ 10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ዐሥር እጥፍ በሚሆን ርዝመት የሚገኝ ስለሆነ፣ ይህ ሲሊከን ከቶ አያየውም፤ ሰው ሲያልፍ መብራት የሚያበራው በየኮሪደሩ የሚሰቀለው ባለ ነጭ ጉልላት ዳሳሽ የሚሠራው በዚያኛው ርዝመት ሲሆን፣ ጨረር አይልክም፣ የሙቀትን መለዋወጥ ይጠብቃል እንጂ። ስለዚህ ይህን ዳሳሽ ገዝቶ ግድግዳ እንዲያሳየው የሚጠብቅ ሰው አንድ ቃል እንኳ አይሰማም፤ ግድግዳ አይሄድም፣ ከክፍሉም ሙቀት የተለየ ሙቀት የለውምና። ሁለቱ በስም አንድ ሆነው በግብር ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸው ለብዙ ገንዘብ ብክነት ምክንያት ሆኗል።

ከሁሉ የቀለለው ሥራ አንድ ኤልኢዲና አንድ ፎቶትራንዚስተር ጎን ለጎን አድርጎ ወደ ፊት ማነጣጠር ነው። ኤልኢዲው በሚሠራበት ጊዜ በራሱ ላይ 1.2 ቮልት ያህል ስለሚያስቀር፣ ከ5 ቮልት ምንጭ 20 ሚሊአምፔር እንዲያልፍበት የፈለገ ሰው ቀሪውን 3.8 ቮልት በ0.02 አምፔር አካፍሎ 190 ኦም ያገኛል፤ በገበያ ከሚገኙት ቁጥሮች 180 ወይም 220 ኦም ያለው ሬዚስተር ይበቃዋል። ፎቶትራንዚስተሩም ከ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ጋር ተጣምሮ ከቮልቱ መካከል ሲቆም፣ የሚመለሰው ብርሃን ሲበዛ የመካከሉ ነጥብ ቮልቴጅ ይወርዳል፤ አርዱይኖ ኡኖን የመሰለ ሰሌዳ ይህን ከ0 እስከ 1,023 ባለው ቁጥር ያነበዋል። እነሆ ዳሳሽ ተሠራ። ነገር ግን ሠሪው ገና ከመጀመሪያው ሰዓት የሚያየው እንግዳ ነገር፣ ከፊቱ ምንም ሳይኖር ቁጥሩ መሰናክል እንዳለ መናገሩ ነው፤ የኤልኢዲው ብርሃን ከፕላስቲኩ ጎንና ከጀርባው እየፈሰሰ በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ይገባልና። መድኀኒቱ ሁለቱን በየራሳቸው ጥቁር ቱቦ መሸፈን ነው፤ ይሁን እንጂ ለዓይን የጠቆረ ፕላስቲክ ሁሉ ለዚህ ጨረር የጠቆረ አለመሆኑን ማወቅ ያሻል፤ አንዳንዱ ጥቁር ሽፋን ለታሕተ ቀይ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው፤ እንዲያውም የሪሞት ተቀባዮች ፊት ላይ የሚለጠፈው ጥቁር መስኮት ሆነ ተብሎ እንዲህ የተሠራ ነው።

በገበያ ተሠርቶ የሚሸጠው፣ ኤልኤም393 የተባለው ኮምፓሬተርና በመፍቻ የሚዞር ትንሽ ፖቴንሺዮሜትር ያለበት ርካሽ ሰሌዳ ከዚህ ሐሳብ ብዙም ያልራቀ ነው። ኮምፓሬተሩ የመጣውን ቮልቴጅ በፖቴንሺዮሜትሩ ከተወሰነው ጋር አመዛዝኖ አዎን ወይም አይደለም ይላል፤ ሻጮቹም ከ2 እስከ 30 ሳንቲሜትር ያያል ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ ሰሌዳ ከሚገባው በላይ የተመሰገነ ይመስለኛል። በምሽት፣ በተመጠነ መብራት፣ ነጭ ግድግዳ ፊት ሲቆም ቃሉን ይጠብቃል፤ በቀትር መስኮት አጠገብ ሲሄድ ግን የፀሐይን ጨረር መሰናክል ነው ብሎ ይቆማል ወይም ደግሞ በብርሃኑ ብዛት ተጥለቅልቆ እውነተኛውን መሰናክል ሳያይ ይገጫል፤ ሠሪውም ፖቴንሺዮሜትሩን እያዞረ ቀኑን ይጨርሳል። ያንን ሰሌዳ ከመሬት አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ አድርጎ ወደ ታች ማነጣጠር፣ የጠረጴዛ ጠርዝ ወይም የጥቁር መስመር መፈለጊያ ማድረግ ግን ይገባዋል፤ በዚያ ስፍራ ባዕድ ብርሃን በሮቦቱ ገላ ይሸፈናልና። ለዚሁ ሥራ የተሠራው ቲሲአርቲ5000 የተባለው ትንሽ ጥንድም ከ15 ሚሊሜትር ወዲያ አይመለከትም፤ እጅግ የሚበረታውም በ2.5 ሚሊሜትር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፀሐይ ጥቂት እንዘግይ። ወደ ምድር ከሚደርሰው የፀሐይ ጉልበት ወደ ግማሽ የሚጠጋው በታሕተ ቀይ ክልል ሲሆን፣ በጠራ ሰማይ ቀትር ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ያህል ይወርዳል፤ የሮቦቱ ኤልኢዲ ደግሞ የሚያወጣው በሚሊዋት የሚቆጠር ብርሃን ነው። አዲስ አበባን በመሰለ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለና ወደ ምድር ወገብ በቀረበ ከተማ አየሩ ስስ ስለሆነ የፀሐዩ ብርታት ከባሕር ወለል ይልቅ የበረታ ነው፤ ይህም በሜዳ ላይ የሚሄድ ሮቦት ለሚሠሩ ልጆች ቀላል እንቅፋት አይደለም። በ940 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን የፀሐይ ጨረር የአየሩ እርጥበት በከፊል ስለሚውጠው፣ ከ850 ይልቅ የ940 ኤልኢዲ መምረጥ ጥቂት ይረዳል፤ ቢሆንም ከደጅ ሲወጡ ይህ ብቻውን አያድንም። ከፀሐይ ቀጥሎ የሚመጣው የአሮጌው ባለ ክር አምፖል ብርሃን ነው፤ የሚበላው ጉልበት አብዛኛው በታሕተ ቀይ ይወጣልና፤ መስመሩ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ሁሉ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ይህ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ለቡና የተቀጣጠለ የከሰል ፍም እንኳ፣ ሮቦቱ ወደ ምድጃው ሲቀርብ፣ ከዚህ ጨረር ጥቂት ድርሻ አለው፤ የእርሱ ግን ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ ስለሆነ ከሁሉ የዋሁ ጠላት ነው።

ባዕዱን ከራስ ለመለየት የተፈጠረው የመጀመሪያው ብልሃት እጅግ ቀላልና፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ እያንዳንዱ ጀማሪ ከሁሉ በፊት ሊማረው የሚገባ ነው። ኤልኢዲው ጠፍቶ ሳለ አንድ ጊዜ ይለካል፤ ከዚያ ኤልኢዲው በርቶ፣ ፎቶትራንዚስተሩ እስኪረጋ ጥቂት መቶ ማይክሮሰከንድ ተጠብቆ፣ ዳግመኛ ይለካል፤ የሁለቱ ልዩነት ከሮቦቱ የወጣው ብቻ ይሆናል። ሁለቱ ልኬቶች ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከተፈጸሙ፣ ዑደቱ ዐሥር ሚሊሰከንድ የሆነው የአምፖሉ ውጣ ውረድ በመካከላቸው ብዙ ሊለወጥ አይችልም። ይህ ስልት አንድም ተጨማሪ ዕቃ አይጠይቅም፤ ጥቂት የትእዛዝ መስመሮች ብቻ ይበቁታል። ወሰኑ ግን ግልጽ ነው፦ የፀሐይ ብርሃን ተቀባዩን ሞልቶ ካጥለቀለቀው፣ ሲጠፋም ሲበራም ቁጥሩ አንድ ስለሚሆን፣ ልዩነቱ ባዶ ይሆናል፤ ሮቦቱም መንገዱ ንጹሕ ነው ብሎ ወደ ግድግዳው ይገሠግሣል። እንዲህ ያለው ስሕተት ዝምተኛ በመሆኑ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ስለዚህ አስተዋይ ሠሪ የመጀመሪያውን ልኬት ራሱን ይመረምርና፣ ከወሰኑ ደርሶ ካገኘው፣ አላይም የሚል ሦስተኛ መልስ ለሮቦቱ ያዘጋጅለታል።

ሁለተኛው ብልሃት ከዚህ የረቀቀ ሲሆን ዘመናዊው የሪሞት ጥበብ ያወረሰን ነው። ሮቦቱ ብርሃኑን ዝም ብሎ በማብራት ፈንታ በሰከንድ 38,000 ጊዜ እያበራ እያጠፋ ይልከዋል፤ ተቀባዩም ለዚህ ምት ብቻ የተቃኘ ሆኖ ሌላውን ሁሉ ቸል ይላል፤ በገበያ ጫጫታ መካከል ጓደኛውን በተስማሙበት ፉጨት የሚለይ ሰው የሚያደርገውን ያህል ነው። የቁጥሩ ምንጭ ምሥጢር የለውም፤ ለሬዲዮ ሥራ በብዛት ይመረት የነበረው የ455 ኪሎኸርዝ ሬዞኔተር ምት በዐሥራ ሁለት ሲካፈል 37.9 ኪሎኸርዝ ይሰጣል፤ የሪሞት አምራቾችም ርካሹን መንገድ ተከተሉ። ተቀባዩ፣ ለምሳሌ ቲኤስኦፒ38238 የተባለው ባለ ሦስት እግር ዕቃ፣ ፎቶዳዮዱን፣ ማጉያውንና ማጣሪያውን በአንድ ገላ አስማምቶ የያዘ ሲሆን፣ ምቱን ሲሰማ የመውጫ እግሩን ወደ ዜሮ ያወርዳል፤ ሳይሰማ ሲቀር ከፍ አድርጎ ይይዛል። ይህ ግልብጥ ጠባይ ጀማሪዎችን ጥቂት ያደናግራል፤ አንድ ጊዜ ከታወቀ ግን ያበቃል።

ምቱን ለመፍጠር ሁለት ፍኖት አለ። ማይክሮኮንትሮለር ያለው ሰው በውስጡ ያለውን ሰዓት አዝዞ ምቱን ከአንድ እግር ያወጣል፤ አንዱ ሙሉ ዑደት 26.3 ማይክሮሰከንድ ያህል ስለሆነ በ13 ማይክሮሰከንድ ማብራትና በ13 ማይክሮሰከንድ ማጥፋት ለሥራው ይበቃል። ማይክሮኮንትሮለር የሌለው፣ ወይም ሥራውን በእጁ ሊያውቀው የሚሻ፣ ሃንስ ካመንዚንድ ለሲግኔቲክስ የነደፈውንና በ1972 ለገበያ የወጣውን የ555 ሰዓት ሊይዝ ይችላል፤ በአንድ ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ በ1.8 ኪሎኦምና በ18 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ሲሠራ ስሌቱ 38.1 ኪሎኸርዝ ያህል ይሰጣል፤ የካፓሲተሩ ስሕተት ግን ከመቶ ዐሥር ሊደርስ ስለሚችል፣ ከ18ቱ ፈንታ የ15 ኪሎኦም ሬዚስተርና ከጎኑ ፖቴንሺዮሜትር አድርጎ ምቱን ማቃናት ይሻላል። እኔ ለማስተማር 555ን፣ ለመሥራት ማይክሮኮንትሮለሩን እመርጣለሁ።

በዚህ ስልት ውስጥ ሰውን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ወጥመድ በተቀባዩ ውስጥ የተሸሸገው የጉላት ተቆጣጣሪ ነው። የሪሞት ተቀባይ የተሠራው አጫጭር መልእክቶችን ለመስማት ስለሆነ፣ ሳያቋርጥ የሚመጣ 38 ኪሎኸርዝ ሲያጋጥመው ይህ የመብራት ረብሻ ነው ብሎ ጆሮውን ቀስ በቀስ ይደፍናል። ስለዚህ ምቱን ሳያቋርጥ የሚልክ ሰው ዳሳሹ ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ እንደገና ዕውር ሲሆንበት ዕቃው ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል፤ ዕቃው ግን የተሠራበትን ፈጸመ እንጂ አልተበላሸም። መፍትሔው ጨረሩን በጥቂት በጥቂቱ ማለትም ቢያንስ ዐሥር ዑደት፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ልኮ፣ መልሱን እዚያው አንብቦ፣ ከዚያ ረዘም ያለ ጸጥታ መስጠት ነው። ይህን ገደብ ለማይፈልግ ሰው አምራቹ ቪሼይ ጉላታቸው የማይለወጥ፣ ቲኤስኤስፒ በሚል ስም የሚጠሩ ተቀባዮች ለብርሃን አጥርና ለመሰናክል ማያ ብሎ አዘጋጅቷል፤ ከተገኙ እነርሱ ይመረጣሉ።

የ38 ኪሎኸርዙ ስልት አዎን ወይም አይደለም እንጂ ርቀት አይናገርም። ከዚህ ጉድለት ለመውጣት ሁለት ዓይነት ጥበብ ተሞክሯል። አንደኛው የኤልኢዲውን ከረንት ደረጃ በደረጃ መቀነስና በየትኛው ደረጃ ላይ መሰናክሉ እንደሚጠፋ ማየት ነው፤ ሁለተኛው፣ ፓራላክስ የተባለው ድርጅት ቦ ቦት በተባለው የትምህርት ሮቦቱ ያስተማረው፣ ምቱን ከ38 ኪሎኸርዝ ወደ ላይ እያራቁ መላክ ነው፤ ማጣሪያው ባዕድ የሆነውን ምት በደከመ ጆሮ ስለሚሰማው፣ ርቆ ያለው መሰናክል ቀድሞ ይጠፋል፣ የቀረበው ግን ይቆያል። ሁለቱም ብልህነት የሚታይባቸው ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚለኩት የተመለሰውን የብርሃን ብዛት እንጂ ርቀቱን አይደለም።

ይህ ልዩነት ከባድ ነው። ጨረሩ ሰፊ ግድግዳ ሲያገኝ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚመለሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ መሰናክሉ የወንበር እግር የመሰለ ቀጭን ነገር ከሆነ ግን፣ ጨረሩ ሲሄድም ሲመለስም ስለሚበተን፣ በእጥፍ ርቀት እስከ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ሊወርድ ይችላል። ከዚህም በላይ የመሰናክሉ ቀለምና ልስላሴ ሁሉን ያናጋል፤ ነጭ ወረቀት ከሚደርስበት ጨረር ከመቶ ዘጠና ያህሉን ሲመልስ፣ ጥቀርሻ የተቀባ ነገር ጥቂቱን ብቻ ይመልሳል። እንግዲህ በ10 ሳንቲሜትር ላይ ያለ ጥቁር ነገርና በ30 ሳንቲሜትር ላይ ያለ ነጭ ነገር ለዚህ ዳሳሽ አንድ ናቸው። ዓይናችንም በዚህ ነገር ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ጥቁር የምንለው ልብስ በታሕተ ቀይ ነጭ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነውና፤ ሠሪው እያንዳንዱን ነገር በዳሳሹ ራሱ መፈተን አለበት። መስተዋት ጨረሩን ያሳልፈዋል፤ የተወለወለ ብረት ደግሞ በጎን ከመጡበት ጨረሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሰደዋል እንጂ ወደ ላከው አይመልሰውም፤ ሁለቱም ለሮቦቱ ባዶ አየር ናቸው።

የብርሃኑን ብዛት ትቶ ቦታውን የሚመለከተው ስልት ይህን ችግር አብዛኛውን ፈታው። የሻርፕ ኩባንያ ጂፒ2ዋይ0ኤ21 የተባለው ዳሳሽ፣ ከዚህ በፊት ጂፒ2ዲ12 በሚባለው ወንድሙ የታወቀው፣ አንድ ቀጭን ጨረር ልኮ የተመለሰውን በሌላ ምስሪት ሲቀበል፣ ነጥቡ በተቀባዩ ገላ ላይ የት እንደወደቀ ይለካል፤ መሰናክሉ ሲቀርብ ነጥቡ ወደ አንድ ጎን፣ ሲርቅ ወደ ሌላው ጎን ይንሸራተታል፤ ይህም ቀያሾች ሩቅ ነገርን በሦስት ማዕዘን የሚለኩበት የጥንት ጥበብ ነው። ስለዚህ ጥቁሩም ነጩም፣ በቂ ብርሃን እስከመለሱ ድረስ፣ ወደ አንድ የሚጠጋ ቁጥር ይሰጣሉ። ዳሳሹ ከ10 እስከ 80 ሳንቲሜትር ያለውን ያያል፤ በ10 ሳንቲሜትር 2.3 ቮልት ያህል፣ በ80 ደግሞ 0.4 ቮልት ያህል ያወጣል፤ መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ሳይሆን የጎበጠ ስለሆነ ሠሪው በሰንጠረዥ ወይም በቀመር ወደ ሳንቲሜትር መለወጥ አለበት። አዲስ ልኬት የሚያወጣው በየ38 ሚሊሰከንዱ ያህል ነውና ፈጣን ሮቦት ይህን መዘግየት ማሰብ ይኖርበታል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ከ10 ሳንቲሜትር በታች ያለው ክልል ነው፤ በዚያ ቮልቴጁ ተመልሶ ስለሚወርድ፣ በ3 ሳንቲሜትር ላይ ያለ ግድግዳ ሩቅ መስሎ ይነበባል፤ መፍትሔውም ዳሳሹን ከሮቦቱ ፊት ወደ ኋላ ሸሸግ አድርጎ መትከል፣ የሞተው ክልል በገላው ላይ እንዲያልቅ ማድረግ ነው። ለቅርብ የሚሻ ሰው ከ4 እስከ 30 ሳንቲሜትር የሚያየውን፣ ለሩቅ የሚሻም ከ20 እስከ 150 የሚያየውን የዚሁ ቤተሰብ አባል ሊያገኝ ይችላል። ለእኔ እነዚህ ዳሳሾች፣ ዕድሜያቸው ቢገፋም፣ በክፍል ውስጥ ለሚሄድ ሮቦት እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚታመኑ ናቸው።

የመጨረሻው ትውልድ የጉዞውን ጊዜ የሚለካው ነው። ብርሃን በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሳንቲሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ አንድ ሳንቲሜትርን ለመለየት ከአንድ ናኖሰከንድ አንድ ዐሥራ አምስተኛ የሚሆነውን ጊዜ መለካት ያስፈልጋል፤ ይህ ከቅርብ ጊዜ በፊት የታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ሥራ ነበር። ኤስቲ ማይክሮኤሌክትሮኒክስ በ2016 ያወጣው ቪኤል53ኤል0ኤክስ ግን፣ ርዝመቱ 4.4 ሚሊሜትር ብቻ በሆነ ገላ ውስጥ ባለ 940 ናኖሜትር ንዑስ ሌዘርና እያንዳንዱን የብርሃን ቅንጣት የሚቆጥር ተቀባይ ይዞ፣ ርቀቱን በሚሊሜትር በሁለት ሽቦ ይናገራል፤ በቤት ውስጥ እስከ ሁለት ሜትር ያያል፤ በፀሐይ ሥር ግን ይህ ርቀት በብዙ ያጥራል። ዕቃው ድንቅ ነው፤ ሆኖም ሁሉን ነገር በውስጡ ሸሽጎ ቁጥር ብቻ ስለሚሰጥ፣ ስለ ብርሃን ሊማር የመጣውን ወጣት ብዙ አያስተምረውም።

ከዕቃው ምርጫ ይልቅ ሥራውን የሚያበላሹት ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ሞተሮች ሲነሡ ባትሪውን ይጎትቱታል፤ ዳሳሹም የራሱን ቮልቴጅ መውረድ መሰናክል አድርጎ ይተረጉመዋል፤ ስለዚህ ከዳሳሹ እግር አጠገብ አንድ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ ለሻርፕ ዓይነቱ ደግሞ 10 ማይክሮፋራድ ወይም ከዚያ በላይ ማኖር ግዴታ ነው። ኤልኢዲው መብራት አለመብራቱን በዓይን ማወቅ ስለማይቻል፣ በስልክ የፊት ካሜራ መመልከት ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል፤ የኋላው ካሜራ ግን ማጣሪያው ስለሚበረታ ሊሸሽገው ይችላል። በብርቱ ከረንት የሚበራን ኤልኢዲ በቅርብ አፍጥጦ መመልከት ግን ብልህነት አይደለም፤ የዓይናችን ብሌን ለሚታየው ብርሃን እንጂ ለዚህ አትጠብምና።

በትእዛዝ ጽሑፉም ዘንድ ጥንቃቄ ያሻል። አንድ ወሰን ብቻ ያለው ሮቦት በወሰኑ ላይ ሲደርስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ለመቆም አንድ፣ እንደገና ለመሄድ ሌላ ራቅ ያለ ወሰን ማድረግ፣ ከአንድ ልኬት ይልቅም የተከታታይ ልኬቶችን ስምምነት መጠበቅ ይገባል። ሁለት ዳሳሾች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት አዘንብለው ሲተከሉ ሮቦቱ መሰናክሉ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ወደየት መዞር እንዳለበት ያውቃል። ጆሴፍ ጆንስና አኒታ ፍሊን በ1993 ያሳተሙት ስለ ተንቀሳቃሽ ሮቦቶች የሚያስተምር መጽሐፍ ይህን መንገድ ለብዙ የቤት ሠሪዎች ካስተዋወቁት አንዱ ነው፤ ጆንስም በኋላ በ2002 ለገበያ በወጣው ሩምባ በተባለው ወለል ጠራጊ ሥራ ተካፋይ ነበረ፤ ያም ሮቦት ደረጃ ላይ እንዳይወድቅ የሚጠብቁት ወደ ታች የሚመለከቱ የታሕተ ቀይ ዳሳሾች ናቸው፣ ግጭትን ግን ከፊቱ በተሠራው የሚጫን መከላከያም ያውቃል። በ40 ኪሎኸርዝ ድምፅ የሚለካው ኤችሲ ኤስአር04 መስተዋቱን ያያል፣ ለስላሳውን መጋረጃ ግን ይስታል፤ የሁለቱ ጉድለት ስለማይገጣጠም በአንድ ሮቦት ላይ ቢኖሩ ይስማማሉ።

አንድ ሮቦት ብቻውን ሲሠራ በቂ የነበረው ሁሉ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሮቦቶች በአንድ ክፍል ሲገናኙ እንደገና ይናወጣል፤ የአንዱ 38 ኪሎኸርዝ ለሌላው የራሱ ሆኖ ይሰማዋልና፣ ሁለቱም ከፊታቸው ግድግዳ እንዳለ አምነው በባዶ ሜዳ ይሸሻሻሉ። ተቀባዮች በ36፣ በ40ና በ56 ኪሎኸርዝም ይገኛሉ፤ ነገር ግን የ38ቱ ማጣሪያ ጎረቤቶቹን 36ንና 40ን በደካማም ቢሆን ይሰማል፣ በቅርብ ርቀትም ድካሙ አይበቃም፤ 56 ብቻ ነው በእውነት የሚርቀው። ብዙዎች የሚመርጡት ሮቦቱ ከመላኩ በፊት ጥቂት አድምጦ፣ ጸጥታ ካገኘ ብቻ እንዲልክ፣ በሁለት ጨረሮች መካከል ያለውንም ጊዜ በየጊዜው ያለ ሥርዓት እንዲለዋውጥ ማድረግ ነው፤ እንዲህ ሲሆን የሁለቱ መልእክቶች አንድ ጊዜ ቢጋጩ በሚቀጥለው ላይጋጩ ይችላሉ፤ ሦስት ተከታታይ ልኬቶች ሳይስማሙም ሮቦቱ አይዞርም። አራትና አምስት ሮቦቶች በጠባብ ሜዳ ሲሽቀዳደሙ ግን ጸጥታ ራሱ ስለማይገኝ፣ ይህም ስልት ይዝላል፤ በዚያን ጊዜ ወይ ለእያንዳንዱ ሮቦት የመላኪያ ተራ የሚሰጥ አንድ የጋራ ሰዓት፣ ወይ በጨረሩ ላይ የሮቦቱን መለያ የሚጽፍ ኮድ ያስፈልጋል፤ የኋለኛው ከሪሞቱ ጥበብ በቀጥታ የሚገኝ ስለሆነ፣ ሊሞክረው ለሚሻ ሰው አብዛኛው ሥራ ተሠርቶ ይጠብቀዋል።